የቶላ ጉቱን ከበሮና ዳንቴል ለመመርመር የተደረገ ስብሰባ

የደብሩ አገልጋዮችና ንዋያተ ቅድሳት ተመልካች ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ሚያዝያ 22 ቀን 1953 ዓ.ም.
ቦታ፦ አሰላ፣ የደብሩ ደጀ ሰላም በረንዳ
ሰዓት፦ ለስምንት ተጠርቶ በዘጠኝ ተኩል ተጀመረ

የስብሰባው መነሻ

ሰኞ መጋቢት 18 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የክርና የጨርቅ ነጋዴው አቶ ከዲሮ ከሲሬ በጭነት መኪና ተመልሰው ወደ ጸሐፊዋ ቤት መጡ። ሌላ ጊዜ ከአጥር ውጭ ሆነው ይጣሩ ነበር። ያን ቀን ሳይጣሩ ገብተው ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። «ተናኘወርቅ፣ እስቲ ጎመኑን አስቀምጪው» አሏት። ቀጥለውም የደብሩ ከበሮ መቺ ቶላ ጉቱ በዚያው ዕለት ንጋት ላይ በበልግ ዝናብ የሞላ ወንዝ ሲሻገር መሞቱን ነገሯት። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነበር። ሲሬ የሄደው እዚያ ያለ ቤተ ክርስቲያን የከበሮው ቆዳ ስለላላ ሊወጥርላቸው ነው። ሟች የጸሐፊዋ ልጅ ነው። እሷ በማግስቱ ስትደርስ ሲሬዎች ቀብረውት ነበር። የገዛ ደብሩ መዘምራን አልዘመሩለትም።

በደብራችን ልማድ፣ የሞተ አገልጋይ ስሙ በመዝገብ ከገባ በአርባው ቀን በሕዝብ ፊት በስመ ክርስትናው ይጠራል፣ ሕዝቡም «ነፍስ ይማር» ይላል። ጸሐፊዋ ይህ እንዲደረግላት አመለከተች። ማመልከቻው ቀላል አይደለም ስለተባለ ስብሰባ ተጠራ።

የተገኙ
1. ባላምባራስ ገብረ ማርያም፣ ሰብሳቢ
2. መሪጌታ ፍሰሐ፣ የመዘምራን አለቃ
3. አቶ ግዛቸው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ በኮሚቴው የደንብ ተቆጣጣሪ
4. ወይዘሮ አልጣሽ፣ የሴቶች ተጠሪ
5. ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌላት

አቶ ከዲሮ በእምነታቸው እስላም ቢሆኑም ሟች ክር የሚገዛው ከእሳቸው ሱቅ ስለነበር ለምስክርነት ተጠርተው ከበረንዳው ጫፍ ተቀምጠዋል። አንድ አባል ሁሩታ ለሠርግ ሄደው አልተገኙም። ከአምስት ድምፅ ሰጪዎች አራቱ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ተባለ።

ከአጀንዳው በፊት የተነሣ ጉዳይ

አቶ ግዛቸው እጃቸውን አውጥተው፣ የሟች እናት ስለ ሟች ቃለ ጉባኤ ልትጽፍ አይገባም ሲሉ ተቃወሙ። ሰብሳቢው ሌላ ማን ይጻፍ ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ፍሰሐ በሟች ላይ ከሳሽ ስለሆኑ አይችሉም። ወይዘሮ አልጣሽ ፊደል አልቆጠሩም። አቶ ግዛቸው ራሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲጽፉ ስለሚሰነብቱ እሑድ እጃቸው እንደሚያርፍ አስረዱ። ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ ጸሐፊዋ እንድትጽፍ፣ ነገር ግን «ልጄ» የሚል ቃል እንዳትጽፍና መዝገቡ ላይ እንዳታለቅስ ተወሰነ። ወረቀቱ የደብሩ ንብረት ነው።

ጸሐፊዋ የማታ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ስላቆመች ቀስ ብላ ነው የምትጽፈው። ተናጋሪዎች እየጠበቋት እንዲናገሩ ተነገራቸው።

አጀንዳ አንድ፦ ሟች አገልጋይ ነበር ወይስ ዳንቴል ሠሪ?

መሪጌታ ፍሰሐ ክሳቸውን አሰሙ። ሟች ከበሮ መምታት ይችል እንደነበር አይክዱም። ነገር ግን ከስድስት ዓመት ወዲህ እንደ ጀልባ የተቀረጸች የቀንድ መወርወሪያ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ክር በግራ ጣቶቹ ላይ ጠምጥሞ መወርወሪያዋን ከላይና ከታች እያሾለከ ይቋጥራል፤ የተቋጠረው ዳንቴል ይሆናል። ይህን ያስተማረችው፣ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ናት። ስለዚህ ሥራው የሴት ነው፣ ሁለተኛም የፈረንጅ ነው፣ ሦስተኛም የጸረ ማርያም ሳይሆን አይቀርም አሉ።

ወይዘሮ አልጣሽ፣ «መሪጌታ፣ እግሩን የጠገነውም ፈረንጅ ነው። እግሩስ ጸረ ማርያም ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ ነው አሉ።

መሪጌታ ቀጥለው ዋናውን ጥፋት ገለጹ። በዘንድሮው ጥምቀት ሟች ክሩን ከጣቱ ሳይፈታ ከበሮ አንሥቷል። የክሩ ድውር ከኪሱ ወጥቶ ተተረተረ። ሲያሸበሽቡ ክሩ በመዘምራኑ መቋሚያ ላይ እየተጠመጠመ ሄደ። መሪጌታን ጨምሮ አራት ሰዎች እርስ በርስ ታስረው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ደረሱ። ሕዝቡ አዲስ ሥርዓት መስሎት እልል አለ። መሪጌታ ክሩን በሙሉ ኃይላቸው ቢጎትቱት አልበጠስ እንዳላቸውም መሰከሩ።

እዚህ ላይ አቶ ከዲሮ ሳይጠየቁ፣ «ክሩ የኔ ነው። አይበጠስም። ወላሂ፣ ለቶላ ስሸጥለት ነግሬዋለሁ» አሉ። ምስክርነታቸው ለክሱ ይሁን ለመከላከያ ግልጽ ስላልሆነ በሁለቱም በኩል ተመዘገበ።

አቶ ግዛቸው ምስክሩ በሥርዓት እንዲጠየቅ ጠየቁ። ሟች ለምን ይህን ሥራ ያዘ ተብለው ሲጠየቁ፣ አቶ ከዲሮ የሚከተለውን ተናገሩ። «እኔ የእናንተን ደንብ አላውቅም። ልጁ ሱቄ ደጃፍ ይቀመጥ ነበር። በትልቁ ጾማችሁ ከበሮ አይመታም አይደል? አንድ ቀን፣ ምነው በጾም ጊዜ እጅህ አያርፍም አልኩት። አቶ ከዲሮ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ጣቴ ሥራ ከፈታ በፋሲካ ከበሮው አያውቀኝም አለኝ። ሲቋጥር በአፉ ያዜማል። ዜማው ሲረዝም ቀለበቱን ያሰፋል፣ ሲያጥር ያጠበዋል። ደንበኛ ሲመጣ፣ ቆይ ይቺ ሐረግ ትለቅ ይለኛል። የማን ሱቅ እንደሆነ እስኪጠፋኝ ድረስ እኔም ደንበኛውም ቆመን እንጠብቃለን።»

መሪጌታ ፍሰሐ ዜማ በሱቅ ደጃፍ፣ ያውም በእስላም ሱቅ ደጃፍ፣ መባሉ ራሱን የቻለ ጥፋት ስለሆነ በክሱ ላይ እንዲጨመር ጠየቁ። ተጨመረ።

ወይዘሮ አልጣሽ ተነሥተው ተናገሩ። «ባላምባራስ፣ እኔ ቤቴ ከደብሩ በታች ነው። አምና በፋሲካ ያ ልጅ ከበሮውን ሲመታ መደርደሪያዬ ላይ ያለው ሁሉ ይዘፍን ነበር። ዳንቴል እጅ የሚያለሰልስ ቢሆን አንድ ሲኒ ባልተሰበረብኝ።» መሪጌታ ግን የእጅ ሥራ ያለው ሰው ሙሉ አገልጋይ ሊባል እንደማይችል፣ አገልጋይ ሐሳቡ አንድ መሆን እንዳለበት አጥብቀው ተናገሩ። ወይዘሮ አልጣሽም፣ «እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ ተቀምጠው ለመካኖችና ለከሳሾች የሚጽፉት ክታብ የእግር ሥራ ነው እንዴ?» አሉ።

መሪጌታ ስለ ወይዘሮ አልጣሽ እናት አንድ ነገር ተናገሩ። ጸሐፊዋ ስላልደረሰችበት ቀስ ብለው እንዲደግሙት ጠየቀች። መሪጌታ ለመድገም ሞክረው ከሁለተኛው ቃል ላይ ቆሙና «ተዪው» አሏት። የክታቡ ነገር በቃለ ጉባኤው እንዳይጻፍ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋም እንዳይጻፍ መወሰኑን ጽፋለች።

አቶ ግዛቸው አስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው ላይ ስላሉ በወራት ይከፈሉ፤ ከበሮ በሚመታበት ወራት ሟች አገልጋይ ነበር፣ ከበሮ በሚያርፍበት በዐቢይ ጾም ግን ዳንቴል ሠሪ ነበር። ሰብሳቢው ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም አሉ። አቶ ግዛቸው ጣታቸውን እያጠፉ ቈጠሩና ቀጠሉ። ሟች የሞተው መጋቢት 18 ነው። ያም የዐቢይ ጾም ሰባተኛ ሳምንት ነው። ስለዚህ ሟች በሞተበት ሰዓት ከበሮ መቺ አልነበረም።



አቶ ከዲሮ፣ «የሄደው ከበሮ ሊወጥር ነው እኮ» አሉ። ምስክር ካልተጠየቀ እንዳይናገር ተነገራቸው። ወይዘሮ አልጣሽ፣ «መሪጌታስ በጾም ቢያርፉ ምን ሊባሉ ነው? ክታብ ጻፊ?» ቢሉ፣ የክታቡ ነገር እንዳይነሣ የተወሰነ ስለሆነ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ።

ውሳኔ አንድ፦ ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ሟች በሞተበት ቀን በአገልግሎት ላይ ስላልነበረ ስሙ በአገልጋዮች መዝገብ እንዳይገባ፣ በአርባውም እንዳይጠራ፣ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ልጄ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ በዓል ሳያጎድል ቆሟል። ከዚህ በላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የተጻፈው በስሕተት ነው፤ ወረቀት እንዳይባክን አልተሰረዘም።

አጀንዳ ሁለት፦ በመጋረጃው ላይ ስላለው ዳንቴል

ሟች ለመቅደሱ መጋረጃ ዙሪያውን ዳንቴል ጀምሮ ነበር። ሦስቱን ጎን ጨርሶ ሰፍቷል። አራተኛው ባዶ ነው። መሪጌታ ፍሰሐ፣ አገልጋይ ያልሆነ ሰው ሥራ በመቅደስ ሊሰቀል ስለማይገባ ሦስቱ ጎን እንዲፈታ ጠየቁ። ሰብሳቢው ሕዝቡ ለምዶታል፣ ይልቅ መጋረጃው ተገልብጦ ይሰቀል፣ ባዶው ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ወደ ላይ የሚያይ የለም አሉ። መሪጌታ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ከሌለ ለምን ቤተ ክርስቲያን እንመጣለን ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ሐሳባቸውን ተዉት።

ውሳኔ ሁለት፦ ዳንቴሉ እንዲፈታ በሦስት ለአንድ ተወሰነ።

ወይዘሮ አልጣሽ በውሳኔው ተቈጡ። አቶ ግዛቸው በዚህ ጊዜ የወይዘሮ አልጣሽ ነጠላ ጫፍ ላይ የሟች ዳንቴል እንዳለ በጣታቸው አመለከቱ። ከሟች እጅ የተጠቀመ ሰው በሟች ጉዳይ ላይ ድምፅ መስጠት እንደማይችል፣ ይህም ከስብሰባው መጀመሪያ አንሥቶ እንደሚሠራ፣ አዲስ ደንብ አቀረቡ። መሪጌታ ደገፉ። ሰብሳቢውም ደገፉ። ወይዘሮ አልጣሽ ሳይቀሩ ደገፉ። ደንቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከጸደቀ በኋላ ወይዘሮ አልጣሽ፣ «አቶ ግዛቸው፣ ቤትዎ ያለው ሬዲዮ ምን ለብሷል?» ብለው ጠየቁ። አቶ ግዛቸው ሬዲዮው ከአቧራ የሚጠበቅበት ጨርቅ እንዳለው ተናገሩ። ምን ዓይነት ጨርቅ ሲባሉ፣ ነጭ ጨርቅ ነው አሉ። ቀዳዳ ያለው ነው ወይስ የሌለው ሲባሉ፣ አቧራ የማያሳልፍ ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ አለው አሉ።

መሪጌታ ፍሰሐ ይህን ሰምተው ሳቁ። አቶ ግዛቸው የመሪጌታ የመጽሐፍ ማኅደር ዘርፉ ከየት እንደመጣ ጠየቋቸው። መሪጌታ፣ «ልጁ እንኩ ብሎ ሰጠኝ፣ ስጦታ አይመለስም» አሉ።

ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። ባላምባራስ ገብረ ማርያም አልጋቸው ላይ ምን እንደተነጠፈ እንደማያውቁ፣ ሲተኙ መብራት እንደሚጠፋ ገለጹ። አቶ ከዲሮ ሳይጠየቁ፣ «የባላምባራስን አልጋ ክር እኔ ነኝ የሸጥኩት። አሥራ አራት ድውር ነው» አሉ። ይህኛው ምስክርነት ግልጽ ነበር።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

አቶ ግዛቸው የራሳቸውን ደንብ ሁለት ጊዜ አነበቡት። በደንቡ መሠረት ዛሬ ድምፅ የሰጡት አራቱም ሰዎች መስጠት አይችሉም ነበር። ደንቡን ለመሻርም ድምፅ የሚሰጥ ሰው እዚህ የለም። የቀረችው ጸሐፊዋ ብቻ ናት፤ እሷም ድምፅ የላትም።

ውሳኔ ሦስት፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ስሙ አይግባ የተባለውም ዳንቴሉ ይፈታ የተባለውም፣ እንዳልተወሰነ ይቈጠር ተባለ። ስሙ ይግባ ብሎ የወሰነም ስለሌለ መዝገቡ እንዳለ ይቈያል።

ወይዘሮ አልጣሽ የአልጋውንና የሬዲዮውን ነገር ነገ ጧት ገበያ ላይ እንደሚናገሩ አሳወቁ። አቶ ግዛቸውም ወሬ እየተጣመመ ከሚሄድ ኮሚቴው ራሱ እውነቱን ቢያሰማ ይሻላል፣ ሁሉ ነገር መሻሩን ሕዝቡ ይወቅ፣ አንድ ቃል ከተዘለለ ደበቁ ይባላል አሉ። ስለዚህ ይህ ቃለ ጉባኤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሳይዘለል በአደባባይ እንዲነበብ ተስማሙ። አንባቢው ድምፃቸው ከሁሉ የሚሰማው መሪጌታ ፍሰሐ ይሁኑ ተባለ። ቀኑ ሕዝብ በሚበዛበት በመድኃኔ ዓለም፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ሰብሳቢው በዚያ ቀን ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አባላቱ ሁሉ የለም አሉ። ጸሐፊዋ አልተጠየቀችም።

ስብሰባው በአሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በጸሎት ተዘጋ። አቶ ከዲሮ የጸሐፊዋን ወንበር ተሸክመው እስከ ቤቷ ሸኟት።

ይህን በንጹሕ ገልብጣ የጻፈችው ተናኘወርቅ ናት። ሚያዝያ 27 ቀን የሟች አርባ ነው። ቶላ ጉቱ የቤት ስሙ ነው፤ በክርስትና ስሙ ተክለ ሚካኤል ይባላል። በቅጥሩ ውስጥ ቆማችሁ ይህን የምትሰሙ ሁሉ፣ ከበሮውን የምታስታውሱ፣ በየቤታችሁም ዳንቴሉ ያላችሁ፣ መሪጌታ እዚህ ደርሰው ትንፋሽ ሲወስዱ ነፍስ ይማር በሉለት።