የማዕዘን ጠላት

በየቤተሰቡ የሰው ቤት ካላፈረሰ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። የራሱን ቤት ይጨርስና ዓይኑን ወደ ዘመድ ይወረውራል። ለእኛ ቤተሰብ የደረሰችን ታላቅ እህቴ ናት፤ ክብርት እትዬ፣ የቅስት እመቤት፣ የማዕዘን ጠላት።

ነገሩ የጀመረው ስልኳ ላይ ባየችው አንድ ሳሎን ነው። በሩ ቅስት፣ መስኮቱ ቅስት፣ ሶፋው እንደ ሙዝ የጎበጠ። በማግስቱ ጂፕሰም ሠሪ ቤቷ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከአፏ የማይጠፋው አነጋገር አንድ ሆነ፦ «ቀጥ ያለ ነገር የሬሳ ሣጥን ብቻ ነው!» ሻይ ስትጠጣ ትለዋለች፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ትለዋለች፤ አንዴማ ለቅሶ ቤት ብላው ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

ወደ እኔ ቤት የመጣችው «ልያችሁ ብዬ ነው» ብላ ነበር። እትዬ «ልያችሁ» ካለች ቦርሳዋ ውስጥ ሜትር አለ ማለት ነው። በሳምንቱ የኩሽናውን በር አስነቅላ ቅስት አስወጣችበት። ቅስት ደግሞ መዝጊያ የለውም። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ልብሴ ሽንኩርት እየሸተተ ቢሮ እገባለሁ። የመጻሕፍት መደርደሪያዬንም ግማሽ ጨረቃ አስመስላ አሠራችው፤ መጻሕፍቴ እንደ ሰካራም ተደጋግፈው ያድራሉ። ሚስቴ «ቤቱ ተነፈሰ» አለች። ቤቱስ ተነፈሰ፤ የታፈንኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የአባቴን ግድግዳ ነው።

አባታችን ግንበኛ ነበር። እናታችን የምትኖርበትን ቤት ድንጋይ በድንጋይ የሠራው ራሱ ነው፤ ቀጥታ መለኪያውን ቱምቢ አንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግድግዳው ክር ታህል ከዘመመ አፍርሶ እንደገና። እሱ በሞተ በዓመቱ፣ እንደ ልማዴ እሁድ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ፣ የሳሎኑ ግድግዳ መሃሉ ተቦድሶ ሰፊ ቅስት ቆሞበታል። የኮሪደሩ ማዕዘኖች ሁሉ ያለቀ ሳሙና መስለዋል። ከአጥር ማዶ የምትኖረው እትዬ አቧራ ለብሳ መሃሉ ላይ ቆማለች።

«የአባባን እጅ አፈረስሽው!» አልኳት።

«አባባ ግድግዳ ውስጥ የለም።»

«ስልክሽ ላይ ነዋ ያለው!»

«አትጩህ፤ እማዬ ትሰማለች።»

«ትስማ! እማዬ፣ አንቺ ነሽ የፈቀድሽላት?»

እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ «ተዉ ልጆቼ፣ ለእኔ ተመችቶኛል» አለች። እትዬ አስፈራርታት ነው ብዬ ደመደምኩ። «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» ብዬ ወጣሁ።

ሰባት ወር ተኮራረፍን። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ «የአባቷን መቃብርም ክብ ሳታስደርገው አትቀርም» እያልኩ አማኋት። ሰው ይስቅልኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ቂም እንዲህ ነው፤ የሚስቅለት ሲያገኝ ይወፍራል።

ባለፈው ወር ሥራ አቋርጬ ማክሰኞ ቀን እናቴ ቤት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። እናቴ ከመኝታ ቤቷ እየወጣች ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ፣ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ። መዳፏ ልስኑን ተከትሎ ኮሪደሩን ዞረ፣ ቅስቱን አለፈ፤ አንዴም ሳትደናቀፍ ሳሎን ደረሰች። ፊት ለፊቷ ቆሜ ፈገግ አልኩላት።

አለፈችኝ።

ድምፄን አጥፍቼ ወጣሁና ደጅ ቆሜ ለእትዬ ደወልኩ። ከሰባት ወር በኋላ ያልኳት የመጀመሪያ ቃል «ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል ነበር።

ምን እንደጠየቅኳት ገባት። «አባባ ከማለፉ በፊት» አለች። «ዓይኗ አይመለስም ተብሏል። ያ ማዕዘን ግንባሯን ሁለቴ አሰፍቷታል። ‹ደረጃ ላይ ወደቅኩ› ስትልህ አንተ አመንካት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምላኝ ነዋ! ‹እሱ ካወቀ ከቤቴ ነቅሎ ይወስደኛል› ብላ። ደግሞስ አንተ ለግድግዳ ስታለቅስ ስለ ሰው መቼ ጠየቅክ?»

በየእሁዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የእናቴን ዓይን አላየሁትም።

ቅዳሜ ተመልሼ እናቴ ቤት ሄድኩ። እትዬ ጓሮ ተንበርክካ የልብስ ማጠቢያውን የሲሚንቶ ጠርዝ በሞረድ ትፈገፍጋለች። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት «ወሬህን ለሌላ ቀን፤ እንካ» ብላ ሌላ ሞረድ አቀበለችኝ። ጎንበስ ብዬ ጀመርኩ።

«እንደሱ አይደለም፣ ደንቆሮ! ዙሪያውን!»

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም።

እናቴ በመስኮቱ በኩል «ማነው የመጣው?» አለች።

«አዲስ ግንበኛ ነው እማዬ» አለች እትዬ። «ሥራ አይችልም።»

እናቴ ጆሮዋን ወደ ሞረዱ ድምፅ አዘነበለች።

«ይሁን፣ አታባሪው» አለች። «ብቻ እንደ አባቱ ቀጥ አድርጎ እንዳያበላሽብን ንገሪው።»