ዓሣዎቼን ሽምግልና ላይ ባላነሣኋቸው ኖሮ

ከዛሬ በኋላ አፌን በፕላስተር ዘግቼ ብታገኙኝ አትገረሙ። ራሴ ነኝ የለጠፍኩት።

ለማታውቁኝ፦ ሥራዬ ዓሣ ነው። መጥበስ አይደለም! የዓሣን በሽታ የመከላከል አቅም የሚወስኑትን ጂኖች አጠናለሁ። ዶክትሬቴ እሱ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ የማወራው ወሬም እሱው ነው።

ዛሬ የዳንኤል ቤተሰብ ሃዳር ጋኒም ሰፈር፣ እኛ ቤት፣ ለሽምግልና መጣ። ዳንኤልን እወደዋለሁ፣ ላገባውም ነው።

ነበር። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

እኛ ዘንድ ጋብቻ የሚጀምረው ከዘር ቆጠራ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚያገናኝ አያት ከተገኘ ሰርግ የለም። እማዬ የኛን ቆጠረች፣ የዳንኤል አያት አባ ይርጋ የነሱን ቆጠሩ። እስከ አምስተኛው ቤት ምንም የለም። እዚያ ላይ አባ ይርጋ ደከማቸው።

"ከዚህ በላይ ያለውን እግዜር ያውቀዋል። በሰደር፣ ይሁን፣ እንመርቃቸው" አሉ ዕብራይስጥ ቀላቅለው፣ እጃቸውንም ዘረጉ።

ሰው ሁሉ አሜን ሊል ተዘጋጀ። እኔ ግን አፌን ከፈትኩ።

"አባ፣ የሚገርም ነገር ልንገርዎት? ዓሣም እኮ ዘመዷን አታገባም።"

ዳንኤል በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠ። ማን ይሰማዋል! ሴቷ ዓሣ ወንዱን በጠረኑ እንደምትመርጥ፣ የመከላከያ ጂኑ የሷን ከመሰለ ትታው እንደምትሄድ፣ ይህም ልጆቿ በሽታ እንዲቋቋሙ እንደሚረዳ፣ ፕሬዘንቴሽኑን ሙሉ አቀረብኩላቸው። የቀረኝ ስላይድ ብቻ ነው።

አባ ይርጋ በጣም ተደሰቱ። የዘረጉትን እጅም መለሱ።

"ዓሣዋ ይህን ያህል ከተጠነቀቀች፣ እኛ እንዴት በአምስት እናቆማለን? ያላ፣ በሉ፣ እስከ ሰባት እንቁጠር።"

ተቆጠረ። ስድስት፣ ሰላም ነው። ሰባት ላይ እማዬ የአያታችንን ስም ጠራች። አባ ይርጋ አገሩን ጠየቁ፣ ልጆቹን ጠየቁ፣ ከዚያ የራሳቸውን ሰባተኛ አያት ጠሩ።

አንድ ሰው ነው። የኔም፣ የዳንኤልም።

ክው አልኩ። ከዚያ እንደገና ሳይንስ ይዤ ገባሁ! "አባ፣ አንዳንዷ ዓሣ እኮ በጣም የራቀውንም አትወድም፤ መካከለኛውን ነው የምትመርጠው።" እውነቴን ነው፣ አልፈጠርኩትም።

"ልጄ፣ ዓሣ ሕግ የላትም" አሉኝ።

አሁን፣ ከደቂቃዎች በፊት፣ ምሳሌያችን አልነበረችም እንዴ?

እማዬ ወደ ወጥ ቤት ስታልፍ ጎንበስ ብላ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" አለችኝ። ስለ ጥናቴ እስካሁን የሰጠችው አስተያየት ይኸው ብቻ ነው።

ነገሩ ወደ ማኅበረሰባችን ቄስ ተመራ። ይሁን ካሉ ሰርግ አለ። አይሆንም ካሉ እኔና ዳንኤል ዘመዳሞች ሆነን እንቀራለን። እየቀለድኩ የምጽፍላችሁ ፈርቼ ነው።

ዳንኤልን እስከ መኪናው ሸኘሁትና እዚያ አለቀስኩ፣ አልዋሽም። አቅፎኝ ቆየ።

"እኔ የትም አልሄድም" አለኝ። "ግን ሞቴክ፣ የኔ ማር፣ እባክሽ፣ ቄሱ ፊት እኔ ልናገር።"

ቀጠሯችን እሑድ ነው። እስከዚያ ዝም ማለትን እለማመዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ ቄሱ "ልጄ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?" ቢሉኝ፣ ፀጉር ሠሪ ነኝ ማለት ኃጢአት ነው?