የደረቀ እግር

ከወንዙ ወዲህ ጭቃ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ገበያ። በመሀላቸው ከተማው ያሠራው ድልድይ አለ፤ እውነትም የሚያምር ድልድይ፣ መደገፊያው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ። እትዬ ታንጉት የታታችውን ሰሌን ተሸክማ በዚያ በኩል ስትወርድ ቆም ብላ ሳታየው አትሄድም። ማየት አልተከለከለም።

የተከለከለው በጭቃ እግር መርገጥ ነው። በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «እግሩ የደረቀ ብቻ ይለፍ።» ዘበኛው ጋሽ ወንድይራድም ጫማ እያስገለበጠ የሚያይ ሰው ነው። ከወዲህ በኩል ግን ደረቅ መሬት የሚባል የለም። ስለዚህ ድልድዩ ላይ የሚንሸራሸሩት ከወዲያ መጥተው ወደዚያው የሚመለሱ ብቻ ናቸው።

ታንጉትና ጎረቤቶቿ ዝቅ ብሎ ባለው መልካ ይሻገራሉ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። አንዱ ድንጋይ ጣለ፤ ሌላው እሱን ረግጦ ሌላ ጨመረ። ከዚያ ልማድ ሆነ፦ የተሻገረ ሁሉ መንገዱን ከመቀጠሉ በፊት ጎርፍ ያነቃነቀውን ያጠብቃል፤ ያልተነቃነቀ እንደሆነ አንድ ድንጋይ ይጨምራል፣ ለማያውቀው፣ ከኋላ ለሚመጣው። ጎርፍ ጠራርጎ ሲወስደው አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። ጎንበስ ብሎ እንደገና መጀመር ነው። እንዲህ እየሆነ ስንቱ ክረምቱን ተሻገረ! ታንጉትም ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሻገረችው በዚሁ ነው። ገበያ ያልደረሰች ቀን ጉልቻው አይሞቅም።

አንድ ቀን ድልድዩን ያሠሩት ኃላፊ መጡ። መኪናቸው እንዳይቆሽሽ ከወዲያ አቁመው፣ ድልድዩን በእግራቸው አልፈው፣ ጭቃው ውስጥ እየሰመጡ መልካው ድረስ ወረዱ።

«ይሄን የመሰለ ሕጋዊ መንገድ ተሠርቶላችሁ እዚህ ምን ያተራምሳችኋል?» አሉ። «ነገ ይሄ ድንጋይ አንድም ሳይቀር ይለቀማል!»

ታንጉት ሰሌኑ ከትከሻዋ ሊያመልጣት ነበር። ነገ ትልቁ ገበያ ነው። ቢሆንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይለቀም ጌታዬ። እኛስ?» አለች።

«በድልድዩ ነዋ!»

«እሺ። እርስዎ ይቅደሙና እንከተልዎ።»

ቀደሙ። ጋሽ ወንድይራድ በሩ ላይ ጫማቸውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ፣ አላወቅኸኝም እንዴ?»

«ኧረ በደንብ! ‹እኔም ብሆን እንዳታሳልፈኝ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

ይህን ሲል ዓይኑን ሰማይ ላይ ተከለ። የሱሪው ጫፍ ገና እርጥብ ነበር። እሱም ቤቱ ከወዲህ ነው፤ በማለዳ በመልካው ተሻግሮ፣ ከወዲያ እግሩን ታጥቦና አድርቆ ነው ድልድዩን ሊጠብቅ የሚገባው።

ደመናው አጉረመረመ። ኃላፊው ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ጫማቸው አዩ፣ ከዚያ ወደ መልካው ተመለሱ። ታንጉት ሰሌኗን ለጎረቤቷ ሰጥታ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባችና እጇን ዘረጋች።

«ያቺ ትከዳለች፣ አይመኗት። ይቺን ይርገጡ። እንዲያ!»

«አይዞዎት ጌታዬ!» አለች ከኋላ ቲማቲም የተሸከመች ሴት። «መጀመሪያ ሁሉም ይንቀጠቀጣል፤ ኋላ ይለመዳል!»

ሳቁ ወንዙን ሞላው። ኃላፊው የታንጉትን እጅ እንደ ሕፃን ጨብጠው ተሻገሩ። ከወዲያ ዳር ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ማንም አልሄደም። ሁሉም ይጠብቃል።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ልማዱ ነዋ» አለች ታንጉት፣ ዳር ያለውን ድንጋይ በአገጯ እያመለከተች።

ግራ ቀኙን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አነሡት፤ ውሃው ውስጥ አስቀመጡት፤ በእግራቸውም ጫን ጫን አድርገው መጥበቁን አዩ። ስለ ነገው ለቀማ ዳግም አላነሡም። መኪናቸው ዘንድ ሊደርሱ ሲሉ ግን ዘወር አሉ።

«እኔ የምለው፣ ድልድዩን ለምን እንዲህ ጠላችሁት?»

«ኧረ ማን ጠልቶት!» አለች ታንጉት ሰሌኗን ከጎረቤቷ ተቀብላ ፊቷን ወደ ገበያው እያዞረች። «እንደሱ ያለ ቆንጆ ነገር የት ይገኛል? ብቻ ጌታዬ፣ እግር የሚደርቀው ከተሻገሩ በኋላ ነው።»