«አንድ ብር» ሁለቴ የተጻፈበት ሳንቲም

እልኸኛ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ሰዓት እጠግናለሁ። አሁን ማን ሰዓት ያስጠግናል? ሁሉም የሚያየው ስልኩን ነው። ዘንድሮ ዓይኔ ላይ የምሰካት አጉሊ መነጽር ሥራ ያገኘችው በሳንቲም ነው። ጽሑፉ የተደረበ ሳንቲም ያለው ሰው ሀብታም ይሆናል የሚል ቪዲዮ በስልክ ዞረ። ይኸው፣ አገሩ ሁሉ ኪሱን አራግፎ እኔ ጋ ይሰለፋል።

ጓደኛዬ ከድር፣ በርበሬ ነጋዴው፣ አንድ የወልቂጤ ደላላ ይዞ መጣ። ደላላው ባለ አንድ ብሩን ሳንቲም ከጥጥ ውስጥ አወጣው። «አንድ ብር» የሚለው ጽሑፍ እውነትም ሁለት ሆኖ ይታያል። ከድር ሊገዛው ቆርጧል። በምን? የሚስቱን የዘይነባን ላም ሸጦ! ልጆቹ የሚጠጡት የላሟን ወተት ነው እኮ።

አየሁት። ነገሩ ከባድ አይደለም። ሳንቲም የሚመታው ብረት ሲቀረጽ ራሱ ሁለቴ ከተቀረጸ፣ ሁለቱም ፊደል ያበጠ፣ ጫፉም የተሰነጠቀ ይሆናል። እውነተኛው ስህተት ያ ነው። ብረቱ ደህና ሆኖ ሲመታ ማሽኑ ቢነቃነቅ ግን የፊደሉን ጎን ይደፈጥጠዋል እንጂ ሁለተኛ ፊደል አያወጣም። በደላላው ሳንቲም ላይ ሁለተኛ የሚመስለው ፊደል ጠፍጣፋ ነበር።

ማሽን ተነቃንቆ ነው፣ ዋጋው አንድ ብር ነው አልኩ። ደላላው በዓለም ላይ ብቸኛው ነው ብሎ ማለ። ይባስ! በስህተት የተቀረጸ ብረት ስንት ሺህ ሳንቲም ይመታል፤ ታዲያ ወንድሞቹ የት ሄዱ? ከድር ግን የተቆጣው በእኔ ነው። ቀንተህ ነው ብሎኝ አኮረፈ። ያለ እኔ ቃል መግዛቱን ግን ፈራ።

ሽማግሌ ተላከብኝ። እኛ አገር ሽማግሌ ሲያስታርቅ ሁለቱንም ወገን ትንሽ ትንሽ ያስተወዋል። ለድንበር ጠብ ደግ ነው። ለሳንቲምስ? «ልጄ፣ አንተም ተው፣ እሱም ይተው። ግማሹ እውነተኛ ነው በልና ታረቁ» አሉኝ። ግማሹ! ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ መጡ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ «አባቶቼ፣ ሱቄን ዝጋ ብትሉኝ እዘጋለሁ፤ ጠፍጣፋውን ግን አብጧል አልልም» አልኩ። አዝነው ሄዱ። ከተማው ደረቅ አለኝ። ይበል!

በማግስቱ ዘይነባ መጣች። «አሰላሙ አለይኩም» ብላ አንድ ጣሳ አይብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ለዕርቅ የመጣች መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከድር ናፍቆኝ ስለነበር ልቤ ራርቶ ነበር። እሷ ግን ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ደላላው አገር እስኪለቅ እንዳትታረቁ!» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ዓርብ ይመለሳሉ አሉ። ይምጡ! ዕርቅ ደግ ነገር ነበር፤ ላም ባያሸጥ።