አምስተኛው መጽሐፍ የጠፋ ጊዜ

ሌባው ማን እንደሆነ የታወቀን የወንጀል ታሪክ መልሶ መላልሶ ማንበብ ምን ይጠቅማል እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ አንድ ጊዜም አንብበውት የማያውቁ ናቸው። እነሱን ስቄ አልፋቸዋለሁ። ለእናንተ ግን፣ ጊዜ ካላችሁ፣ ላስረዳችሁ።

እኔ ነገር ቶሎ የሚያሳስበኝ ሰው ነኝ። ልጄ ሰናይት ስታስነጥስ የሳንባ ምች የያዛት ይመስለኛል። ዝም ብላ ስትተኛ ደግሞ ትንፋሿን ላዳምጥ ጆሮዬን አፍንጫዋ ሥር እደቅናለሁ፤ ትነቃለች፤ ታለቅሳለች፤ ያን ጊዜ ደኅና መሆኗን አውቄ ደስ ይለኛል። የውሃ ቦቴው ሲዘገይ ተገልብጦ ነው እላለሁ። ቶሎ ሲመጣ ምን ሰምቶ ነው የሚሮጠው እላለሁ። እንዲህ ላለ ሰው አዲስ ታሪክ ዕረፍት አይሆነውም። እኔ ከመጀመሪያው ንባብ ያተረፍሁት ፍርሃት ብቻ ነው። ደስታው የመጣው በሁለተኛው ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ ሌባው ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቅ ብሎ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ እንደምን አደራችሁ ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጅ ይነሣዋል። እናንተ ብቻ ታውቁታላችሁ። እኔ ከሰው ቀድሜ የማውቀው ነገር በዚህ ዓለም ላይ ይኸው ብቻ ነው።

መጻሕፍቱ ሰባት ናቸው። እንደ ተማሪ ደብተር የሳሱ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተለበጡ፣ ባዶ የጥይት ሳጥን ውስጥ በተራ የሚተኙ። በሰባቱም ውስጥ መርማሪ አጥናፉ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ሌባ ይይዛል። አጥናፉ ሽጉጥ የለው፣ ጡንቻ የለው። ያለው አንድ ልማድ ነው፤ ነገሩ ሲጠብቅበት የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ይላል፤ ቀና ሲል ሌባው ታውቋል። ወታደሩ ባሌ ወደ ነገሌ ሲዛወር መጻሕፍቱን ከአንድ ጓደኛው ተቀብሎ አመጣቸው እንጂ አንዱንም ገልጦ አያውቅም። የሥራ ፈት ወሬ ነው ይላል። እሱ የዳዊት ሰው ነው፤ ያንንም በቃሉ ስለሚያውቀው አይገልጠውም።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት እዚሁ በጦር ሠፈሩ፣ ለወታደር ሚስቶች ከሰዓት በኋላ በሚሰጠው ትምህርት ነው። የማነበው በጣቴ እየተከተልሁ ነው፤ ድምፄን ካላሰማሁ ደግሞ አይገባኝም። መጀመሪያ አንድ ገጽ እስክጨርስ ወጡ ያርር ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ጣቴ ከአፌ ቀደመ። ባገሩ ያለው ጎበዝ አንባቢ እኔ ነኝ ብዬ መኩራራት ጀመርሁ። አዲስ ወረቀት ያመጣልኝ ስላልነበረ ማንም አላወቀብኝም።

ከኛ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ እትዬ አሰለፈች አሉ፤ የሃምሳ አለቃው ባለቤት። እትዬ አሰለፈች የሚዋሱትን ዕቃ የሚመልሱት ባለቤቱ መኖሩን ከረሳው በኋላ ነው። ሁለተኛውን መጽሐፍ ወስደው ሻኪሶ ላለች እኅታቸው አዋሱት፤ ከዓመት በኋላ የወርቅ ቆፋሪ ጭቃ ጠጥቶ፣ ልባሱ ተገፎ መጣ። ከዚያ ወዲህ የሳቸውን ድምፅ ከበር ስሰማ መጽሐፉን እጄ ያገኘበት እከተዋለሁ። ዱቄት ዕቃ ውስጥም ይሁን፣ የልጅ ጨርቅ ሥርም ይሁን። ሲሄዱ አውጥቼ ሳጥኑ ውስጥ እመልሳለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ እንምጣ።

ሐሙስ ነው። ሰናይት አተኩሷታል፤ አባቷ በማግሥቱ ወደ ሞያሌ ጠረፍ ይሄዳል። ከአልጋዋ በላይ ምስማር ላይ የባሌ ዳዊት በቀይ የቆዳ ማኅደር ተንጠልጥሎ ይኖራል። እንደ እናቴ ልማድ ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጣሁና ከልጄ ትራስ ሥር አደረግሁት። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እኔንም አንድ ነገር ይጠብቀኝ ብዬ፣ አምስተኛውን መጽሐፍ ለስድስተኛ ጊዜ ጀመርሁ። አጥናፉ ባቡር ላይ እንደተሳፈረ ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አሰለፈች ናቸው። መጽሐፉን እንደ ልማዴ ሸሸግሁና በሩን ከፈትሁ። እስከ ቀትር ተቀምጠው ወንፊት ተውሰው ሄዱ።

ዓርብ ጧት የሞያሌው መኪና በር ላይ ያጓራል። ባሌ ማኅደሩን ከምስማሩ አንሥቶ አንገቱ ላይ አጠለቀ። የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ሲል ማኅደሩ ተወዛውዞ እግሩ ሥር የቆመችውን ሰናይትን ግንባሯ ላይ አገኛት። ጮኸች። እኔ እብጠቱን የማሽበት ቅቤ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስል፣ በልቅሶው መካከል ባሌ «በሉ ደኅና ሁኑ» ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አልጋውን ሳነጥፍ ዳዊቱን ከትራሱ ሥር አገኘሁት።

ሰውዬው ባዶ ማኅደር አንግቶ ጠረፍ ሄዷል! ልጻፍለት አልሁ፤ ደግሞ ተውሁት። ጥይት በሚጮህበት አገር ያለ ሰው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቆዳ ብቻ መሆኑን ቢያውቅ ምን ይረባዋል? ዝም ብዬ እኔው ልጨነቅለት አልሁ። ለመጨነቅ ደግሞ እኔን የሚያህል የለም። ልቤን ለማሳረፍ ከአንደኛው መጽሐፍ ጀምሬ ማንበብ ያዝሁ። በሳምንቱ አራተኛውን ጨርሼ እጄን ወደ ሳጥኑ ብሰድ አምስተኛው የለም። ዱቄት ዕቃውን ፈተሽሁ። የልጅ ጨርቁን አራገፍሁ። የለም።

በየጧቱ ወተት የምታመጣልን ሀዳ ጉዮ ነበረች፤ የጉዮ እናት ማለት ነው፤ በቦረናው ደንብ እኔም ሀዳ ሰናይት ነኝ። ከሊበን በኩል በእግሯ መጥታ፣ «አካም? ናጋ?» ብላ ሰላም ጠይቃ፣ የወተት ዕቃዋን፣ ጮጮዋን፣ አውርዳ ደጃፌ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ሳነብ ትሰማለች። አማርኛው ግማሹ ያመልጣታል፤ አጥናፉን ግን ወዳዋለች። «ያ ጫማ የሚያስረው ዛሬ ምን አገኘ?» ትለኛለች። መጽሐፉ በጠፋ ሰሞን የአንደኛው ጮጮዋ ክዳን ተሰብሮ አፉን በወረቀት ወትፋው መጣች። እትዬ አሰለፈች ከበራቸው አዩ።

«ይኸው የሰናይት እናት! መጽሐፍሽን ውታፍ አደረገችው!»

ሀዳ ጉዮ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችው። ወተት ጠጥቷል። «ጋዜጣ ነው» አለች። «ከእናንተ ጥራጊ ነው ያነሣሁት።»

«የሰረቀ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው!»

«መጽሐፍ ላም አትበላ፣ ጥጃ አይበላ። እኔ ምን ላድርገው?» ወደኔ ዞረች። «ሀዳ ሰናይት፣ አንቺ ማንበብ ታውቂያለሽ። ተናገሪ።»

ወረቀቱን አየሁት። የጋዜጣ ስፋት ነው። የኔ መጽሐፍ መዳፍ የሚያህል ነው። ይህን ለማየት ፊደል መቁጠርም አያስፈልግም። ግን እትዬ አሰለፈች ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው የባሌ አለቃ ነው፤ አምስተኛው መጽሐፍ ደግሞ በእርግጥ ጠፍቷል፤ አጥናፉን ከኔ ሌላ የምትወደውም ሀዳ ጉዮ ብቻ ናት። ሰናይትን ከአንዱ ጎኔ ወደ ሌላው ጎኔ አዛወርኋት። ያልሁት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

በማግሥቱ ሃምሳ አለቃው ለበር ጠባቂው ነገረና ሀዳ ጉዮ ከጦር ሠፈሩ በር ተመለሽ ተባለች።

ሰናይት የሌላ ሰው ወተት አልጠጣም አለች። የቆርቆሮውን ዱቄት ወተት በጥብጬ ብሰጣት እንደ ትልቅ ሰው አየችኝና ተፋችው። የሀዳ ጉዮ ጮጮ በእንጨት ጭስ የታጠነ ነው፤ ልጄ ከጡት ቀጥላ የምታውቀው ያን ጣዕም ነው። በሩ ድረስ ወጥቶ መግዛት ይቻል ነበር። ሀዳ ጉዮ ከበሩ ውጪ ለከተማው ሰው ትሸጥ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ምን ፊት ይዤ ልሂድ? በየጧቱ የልጄን የእጅ አንጓ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ዙሪያውን እይዘዋለሁ። መጀመሪያ ጣቶቼ ይነካኩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ በሌላው ላይ መደራረብ ጀመረ። አንድ ቀን፣ እንዲያው የጫማ ክር የማሰር ያህል፣ ጎንበስ ብዬ የነጠላ ጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ አሰርሁት። ምንም አልገባኝም። ወገቤን አመመኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ከሞያሌ የመጣ ሾፌር ደብዳቤ ሰጠኝ። የእጅ ጽሑፍ ለኔ ዳገት ነው። በጣቴ እየዳበስሁ፣ ድምፄን እያሰማሁ፣ ከበር እስከ ጓዳ እየተመላለስሁ አነበብሁት።

«ለውድ ባለቤቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አንድ ጓደኛችን አሞት ዳዊቱን ከትራሱ ሥር ላደርግለት ማኅደሩን ብከፍት ያስገባሽውን አገኘሁ። በጣም ተቆጣሁ። በሽተኛው ግን እስቲ ምን እንደሚል አንብብልን አለኝ። አነበብሁለት። ተሽሎታል። ከዚያ ሌሎቹም ተራ ይዘው አነበቡት። እኔ ሌባው የመጋዘን ዘበኛው ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም። አሁን ሁለተኛ እያነበብሁት ነው፤ ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ግልጽ ነበር። ስድስተኛውን በዚሁ ሾፌር ላኪልኝ። ዳዊቱም አይቅር።»

ተቀመጥሁ። ያ ሐሙስ ከነድምፁ መጣብኝ። «ቤቶች!» ሲባል እጄ ከፊቱ ያገኘው አፉን የከፈተውን፣ ባዶውን ማኅደር ነበር። ባዶ ቆዳ የልጅ ግንባር ባላሳበጠ ነበር። ሰናይት ማስረጃውን ግንባሯ ላይ ይዛ ሳምንት ሙሉ ፊቴ ስትመላለስ፣ እኔ ቅቤ እቀባባታለሁ።

ደብዳቤውን ይዤ እትዬ አሰለፈች ዘንድ ሄድሁ።

«ማኅደር ውስጥ? ምን አስበሽ ነው?» አሉኝ።

«ከእርስዎ ልሸሽገው ብዬ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ሁለተኛውን መልሼልሽ የለም እንዴ?»

«መልሰዋል፣ እትዬ። በዓመቱ።»

ነጠላቸውን አጣፉና ሃምሳ አለቃውን ሊያናግሩ ወጡ። ተቆጥተው ይሁን አፍረው አላወቅሁም። የሠፈሩ በር ግን ለሀዳ ጉዮ በዚያው ቀን ተከፈተ።

በማግሥቱ ሰናይትን አዝዬ ወጣሁ። ሀዳ ጉዮ ከበሩ ማዶ ከጮጮዎቿ ጋር ቁጭ ብላለች። «አካም?» ብላት ሰላምታዬን ትታ «ኪታባው ተገኘ?» አለች። መጽሐፉን ማለቷ ነው።

«ተገኘ።»

«ሌባው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እግሬ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ጫማሽ ክር እንኳ የለውም» አለች፤ «እንዴት አወቅሽው?»

ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቁን ተወችው። «ሦስት ሳምንት ሰው ሌባ ሲለኝ ሰማሁ። ይቅር ማለት አለ። መጀመሪያ ግን ይህን ተሸከሚ።» ሁለቱን ጮጮ አስታቀፈችኝና ከፊቷ አስቀደመችኝ። ሰናይትን ከጀርባዬ አውርዳ እሷ አዘለቻት። ወተት በሚገዙት ስምንት ቤቶች በር ላይ፣ ከወተቱ በፊት፣ «መጽሐፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህች ሴት አልነካችውም» እያልሁ ዞርሁ። አንዳንዷ ከት ብላ ሳቀች። አንዷ፣ እስካሁን አንድም መጽሐፍ ነክታ የማታውቅ፣ «የምን መጽሐፍ?» ብላ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንዳስረዳት አደረገችኝ። ሀዳ ጉዮ አልቸኮለችም፤ ቆማ በደንብ ሰማች። ስምንተኛው በር የእትዬ አሰለፈች ነበር። ወተቱን ተቀብለው፣ ኑዛዜዬን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ስድስተኛውን እስክትልኪው ድረስ አውሺኝ» አሉኝ።

አዋስኋቸው። ምን ላድርግ?

ሰናይት በዚያን ዕለት ሁለት ኩባያ ጠጣች። አጥናፉ በባሌ ደረት ላይ በጠረፍ አለ፤ ዳዊቱን ለሾፌሩ ሰጥቻለሁ፤ ስድስተኛው ግድግዳ ተሻግሯል። ለኔ ከአንድ እስከ አራት ያሉት ቀርተውኛል፤ ከሰባተኛው ጋር። ሀዳ ጉዮ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ «አንብቢ» ስትለኝ ከአንደኛው እጀምራለሁ። እሷም ሌባው ባርኔጣውን ሲያነሣ ገና ከአሁኑ ትሰድበዋለች።

እናንተም ሁለተኛ ማንበብ ምን ይጠቅማል ትሉ እንደሆነ፣ እስቲ ይህችኑ ወግ ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ። ሐሙስ ላይ ስትደርሱ፣ «ቤቶች!» ሲባል፣ በሩን ተዉትና እጄን ተመልከቱ። ሌባዋ እዚያው ናት።