አመድ መርማሪው አቶ ኦኔዚም

በረዶ የሚጥልበት ከተማ ሁሉ አንድ አመድ መርማሪ አለው። የለኝም የሚል ከተማ ካለ ገና ስላልነቃበት ነው። ምድጃ ባየ ቁጥር የሚንበረከክ፣ ስለ ማገዶ የጠየቁት ዕለት ምሳን ከራት የሚያገናኝ ሰው ነው። የእኛው፣ በአሜሪካ የሰሜን ሜይኑ፣ ክቡር አቶ ኦኔዚም ሚሾ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርና የእንክብል ሊቀ ሊቃውንት።

እንክብል ስል የመድኃኒቱን ማለቴ አይደለም። ከሰጋቱራ ተጨምቆ የሚሠራውን፣ በከረጢት እየገዛን ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን የበረዶ ክረምት ሙሉ ምድጃ የምናጎርሰውን ነው። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፤ የዶሮ መኖ ይመስለኛል። ለአቶ ኦኔዚም ግን የጥዱና ሜፕል የሚባለው ዛፍ እንክብል ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። አንዷን በጣታቸው ቀጭ ያደርጓታል፤ ያሸቷታል፤ ውኃ ውስጥ ጥለው ሰዓት ይይዙላታል፤ በመጨረሻም ያኝኳታል። "ጥድ ነው" ይላሉ እንትፍ እያሉ፣ "ቅርፊትም አለበት። አጭበርብረውሃል!"

ቤት ሲገቡ ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። ቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደው አመዱን በማንኪያ ይዝቁና "አመድ አይዋሽም!" ይላሉ። ማንኪያው የባለቤቴ የክላውዴት የሾርባ ማንኪያ ነው፤ እስካሁን ይቅር አላለቻቸውም። ጎረቤታችን አልፎንስ ሲር ያረፈ ጊዜማ የሚስቱን እጅ ይዘው "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አሏት። እጇን ሳይለቁ ደግሞ፣ "ለመሆኑ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚያነደው የቱን ነበር?"

"የበርች ዛፍ እንክብል" አለች እያለቀሰች።

"ቁም ነገረኛ ሰው ነበር" አሉና አብረዋት አለቀሱ።

አምና ግን ጉዱ በእኔ ላይ ወጣ። እኛ ዘንድ ብልህ ሰው የክረምቱን ማገዶ የሚገዛው በግንቦት ነው። እኔም ልገዛ ስነሳ አቶ ኦኔዚም መንገድ ላይ ያዙኝ።

"እንዳትገዛ! ሰባት ዓይነት እያወዳደርኩ ነው። ውጤቱ እስኪወጣ ታገስ።"

"ጋሼ፣ ካለቀብኝስ?"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!"

ታገስኩ። እሳቸው በሐምሌ ሙቀት ምድጃቸውን አንድደው፣ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ በካናቴራ ላባቸውን እያንጠፈጠፉ ሲለኩና ደብተር ላይ ሲጽፉ ከረሙ። ነሐሴ ላይ "እርጥበቱ አመዱን አበላሸብኝ" ብለው እንደገና ከሀ ጀመሩ። ጥቅምት ላይ መጠበቁ ሰልችቶኝ ሱቅ ሄድኩ።

"አልቋል" አለችኝ ባለሱቋ ግሌንዳ። "ከጥር በፊት የሚመጣ የለም። ግንቦት ላይ የት ነበርክ?"

"ውጤት እየጠበቅሁ።"

"የኦኔዚምን?" አለችና ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

ክላውዴት አልሳቀችም። "እንግዲህ ደብተራቸውን እናነዳለና! ወፍራም ነው፤ እስከ ገና ያደርሰናል" አለች። ኅዳር ሲገባ ደጅ የተረሳ የባልዲ ውኃ ድንጋይ ሆነ። ካለፈው ክረምት የተረፉን አራት ከረጢቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ካለቁ የቤታችን ቧንቧ በረዶ ሠርቶ መፈንዳቱ ነው።

የመጨረሻዋን ከረጢት የከፈትን ዕለት የአቶ ኦኔዚም ፒክአፕ ግቢያችን ገባ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው የራሳቸውን የክረምት ማገዶ፣ ሰባቱንም ዓይነት፣ አንድ ሳያስቀሩ ጋራዣችን ውስጥ ደረደሩ።

"እርስዎስ በምን ሊሞቁ ነው?" አልኳቸው አፍሬ።

"በዚሁ ነዋ! ቧንቧው እንዳይፈነዳ የቤቴን ውኃ ዘግቼዋለሁ" አሉና ትራሳቸውንና ሻንጣቸውን አወረዱ።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ኋላ ብረት ይሆናል ይባላል። አቶ ኦኔዚም በመጀመሪያው ጠዋት ብረት ሆኑ። ገና ሳይነጋ አመድ ሲጭሩ ይቀሰቅሱናል። ሰኞ ሜፕል፣ ማክሰኞ ጥድ፣ ረቡዕ ቅይጥ፤ ተሳስቶ ያቀላቀለ ወዮለት! ክላውዴት ጠዋት ፕሎይ የምንለውን የአገራችንን ስስ ቂጣ ስትጋግር ከሳሎን ሆነው ስለ ምድጃው ይጮሁላታል።

"ክላውዴት፣ ነይና እይ! ይሄ ነበልባል ሰነፍ ነው!"

"እኔ የማውቀው ሰነፍ ሌላ ነው፣ ጋሼ! ይልቅ ተነሥተው ሳህን ያቅርቡ!"

"እሺ የኔ ልጅ። ማንኪያም ላምጣ?"

"ማንኪያዬን እንዳይነኩ!"

ልጆቻችን አድገው ከወጡ ወዲህ ቤቱ እንዲህ ተንጫጭቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ጠዋት ጠዋት የእሳቸውን ጭቅጭቅ ለመስማት ቀድሜ መነሣት ጀምሬ ነበር።

ጥር አጋማሽ ላይ አንድ ሐሳብ ገባኝ። በጥቅምት ለግሌንዳ ያዘዝኩት አዲሱ እንክብል ከመጣ ያበደሩንን ማገዶ እንተካላቸዋለን፤ እሳቸውም ትራሳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቡትስ ጫማዬን አጥልቄ ወደ ግሌንዳ ሱቅ ሮጥኩ።

"ግሌንዳ" አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "የእኛ ጭነት ሲመጣ እስከ መጋቢት ብታቆዪልኝ? ጋሼ ኦኔዚም እንዳይሰሙ። ክላውዴትም ብትሰማ ትገድለኛለች።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ከመጣ እኮ ሳምንት ሆነው። ጭነቱ በደረሰበት ዕለት ክላውዴት መጥታ፣ ከጓሮ አስቀምጪልኝ፣ ለባሌም ለጋሼም እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች።"