ጨው የላሰ በሬ

አንድን ነገር ለማያውቁት ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ስታስተምሩ ከኖራችሁ፣ አንድ ቀን እናንተም የምታውቁት መስሎ ይሰማችኋል። የሌላውን አላውቅም፤ እኔን ግን መስሎኝ ነበር።

ሶዶ ከተማ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ኦስሞሲስን አስተምራለሁ። መጀመሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታው የመግባት ሳይሆን የመፍራት መሆኑን ስለማውቅ በአማርኛ እደግመዋለሁ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ ለጎረቤቱ በወላይትኛ ሹክ ይለዋል፣ ጎረቤቱም «እእ!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ትምህርቱ የገባው በሦስተኛው ነው ማለት ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ግን ለመጀመሪያው ነው።

ነገሩ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ሴል በስስ ሽፋን የተጠቀለለች ትንሽ ቤት ናት። ሽፋኑን የመሥሪያ ቤት ዘበኛ በሉት፤ ውሃን «እለፍ» ይላል፣ ጨውን በር ላይ ያስቆማል። ጨው ወደ ውሃው መሄድ ካልቻለ ውሃው ራሱ ወደ ጨው ይሄዳል። ውጪው ጨው ከበዛበት ሴሏ ውሃዋን ተነጥቃ ትጨማደዳለች፤ ውስጧ ከበዛ ደግሞ ውሃ እየገባ ያሳብጣታል። የተክል ሴል ጠንካራ ግድግዳ ስላላት ብታብጥ ትወጠራለች እንጂ አትፈነዳም፤ የጠወለገ ጎመን ውሃ ሲያገኝ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። የእንስሳ ሴል ግን ግድግዳ የላትም። አብጣ አብጣ ትፈነዳለች። ሰውም እንስሳ ነውና ሲያብጥ የሚያቆመው ነገር ያስፈልገዋል። የእኔ ግድግዳ ባለቤቴ ታደለች ናት። ሁምቦ ቆላ ከከብት ጋር ነው ያደገችው፤ ባዮሎጂ አልተማረችም፤ ይህም ብዙ ጊዜ ጠቅሟታል።

እንግዲህ ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ሥጋ የሌለበት ጊፋታ ደግሞ ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ነው። እኛም አሥራ ሁለት መምህራን ዓመቱን ሙሉ ለአንድ በሬ ስንቆጥብ ከርመናል። በሬውን ማን ይግዛ ሲባል የሂሳብ አስተማሪው አቶ ዘለቀ ብድግ አለና «ባዮሎጂ እያለ ምን ያጨቃጭቀናል?» አለ። ስብሰባው በጭብጨባ አጸደቀ። እስቲ ፍረዱኝ፣ የበሬን አራቱን የሆድ ክፍሎች በሰሌዳ ላይ መሣል ሌላ፣ በሬ መምረጥ ሌላ መሆኑን አንድ ሰው እንኳ ትዝ አይለውም? ለእኔም ጭምር አልታወሰኝም። ማበጥ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

ታደለች ስትሰማ «የበረከት አባት፣ አብሬህ ልሂድ» አለችኝ። «ምን ልታደርጊ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። እሷ መልስ ካልሰጠች መፍራት እንዳለብኝ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ተምሬያለሁ፤ ግን ያበጠ ሰው የት ይሰማል?

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቢጠና ገበያ ደረስኩ። በሬዎቹን በምሁር ዓይን እያየሁ ስንጎራደድ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማርቆስ ነው፤ ከዓመታት በፊት ተማሪዬ ነበር፣ ዛሬ የከብት ነጋዴ ሆኗል። ወዲያው ትዝ አለኝ። ትዝ ያለኝ በመልኩ ሳይሆን በመልሱ ነው። «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ብዬ በእንግሊዝኛ ለጠየቅኩት ጥያቄ፣ ይህ ልጅ በአማርኛ «ውሃ ጨው ያለበትን ይከተላል» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። በቃ! ሽፋን የለ፣ ሞለኪውል የለ፣ ከፍተኛ መጠን ዝቅተኛ መጠን የለ። ጥያቄው የሚያዘው ሁለት ማርክ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጠሁትና አጠገቡ «ይህ የገበያ ወሬ ነው» ብዬ ጻፍኩበት። እነሆ ገበያ አገናኘን።

ያሳየኝ በሬ ግሩም ነበር። ቀይ፣ ሻኛው የተከመረ፣ ቆዳው የሚያበራ። ዋጋ ልጠይቅ ስል ማርቆስ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ቲቸር፣ ትንሽ ይቆዩ። ከትናንት ጀምሮ ጨው ልሳለች፤ መጀመሪያ ውሃ ላጠጣት፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ። (በእኛ ከተማና በዙሪያዋ አማርኛ በሬ አንዳንዴ ሴት ይሆናል፤ እኔም ስቸኩል ስለምሳሳት ማንንም አላርምም።)

አሃ! ነቃሁበት። ነጋዴ በሬን ጨው አልሶ አልሶ፣ ገዢ ሲመጣ ውሃ ያስግተዋል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ዋጋው አብሮ ይነፋል። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል። እኔ ግን ከሳይንሱ ጋር ነው የማውቀው። ደረቴን ነፋሁና «ማርቆስ፣ ኦስሞሲስን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ! አንዲት ጠብታ እንዳትቀምስ!» አልኩት። እኔም በንዴት በሬውን ሴት አደረግኩት።

ማርቆስ ራሱን አከክ አከክ አደረገና «እሺ ቲቸር። ግን ቤት ስትገቡ በጥቂት በጥቂት አጠጧት» አለኝ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሊመክረኝ! ገዛሁ፣ አይሱዙ ላይ አስጫንኩ፣ በፀሐይ እየነደድን ሶዶ ገባን። መንገዱን ሁሉ በራሴ ብልጠት ፈገግ እያልኩ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ መምህራኑ ተሰብስበው ጠበቁኝ። በሬው እንደወረደ አፍንጫው ወደ ውሃ በርሜሉ ዞረ። ታደለች ፊቱን አየች፣ ምላሱን አየች፣ «ይሄ ጨው ልሷል!» ብላ ጣሳ ይዛ ሮጠች። «በጣሳ ነው የሚሰጠው። ትንሽ ጠጥቶ ይረፍ፣ እንደገና ትንሽ። ሁምቦ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ያን ጊዜ ዝም ብል ይህ ወግ ባልተወለደ። እኔ ግን ባልደረቦቼ ፊት እጄን እንደ ሰሌዳ ፊት አነሳሁ። «ታደልዬ፣ ይህ እኮ ሳይንስ ነው። ደሙ ሃይፐርቶኒክ ሆኗል፣ ጨው በዝቶበታል። ውሃ ሲገባ ይስተካከላል። የተጠማን እንስሳ በጣሳ ማሰቃየት ምንድን ነው?» ብዬ በርሜሉን ገፋሁለት። አቶ ዘለቀ «እውነት ነው» አለ። ስለ ምኑ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። በሬው አንገቱን ነክሮ በርሜሉን ጨረሰ። ታደለች ጣሳዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሬው ግንባሩን የቤታችን ግድግዳ ላይ ደግፎ ቆመ። «አረፍ ብሎ ነው» አልኩ። ጥርሱን ማፋጨት ጀመረ። «እያመሰኳ ነው» አልኩ። ከዚያ ዞረና ያላየው ይመስል የልብስ ገመዱን በጥሶ፣ እየተወላገደ ሄዶ፣ አቮካዶው ሥር ዘፍ አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላልኩም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለአንድ ቀን ተኩል ጨው ያጠራቀመ አንጎል፣ ደሙ በአንዴ በውሃ ሲቀጥንበት፣ ውሃው ጨው ወዳለበት ይሄዳል። ወደ አንጎል ሴሎች ማለት ነው። ሴሎቹ ያብጣሉ፣ ራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። ይህን ማን ያስተምራል? እኔ። መቼ ታወሰኝ? በሬው ከወደቀ በኋላ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ፈራሁ። በሬው ቢላ ሳይነካው ከሞተ ጥንብ ነው፣ ማንም አይበላውም። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ዓመት ሙሉ ከልጆቹ አፍ እየቀነሰ ያስቀመጠው በእኔ አንድ ሌክቸር ሊቀበር ነው። ሌላ በሬ የሚገዛበት ሳንቲም የለም። ለዘመድ ሁሉ «ለጊፋታ ኑ» ተብሏል። አቶ ዘለቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዝም አለ። ዘለቀ ሲናገር ያደክማል፤ ዝም ሲል ግን ያስፈራል። እኔ ባል፣ አባት፣ መምህር የሆንኩ ሰው መሬት ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ታደለች በርሜሉን ገልብጣ ከግቢ አስወጣችው፣ ለበሬው ጥላ አበጀችለት፣ የእንስሳት ሐኪሟን አስጠራች። ሐኪሟ እጇን በዓይኑ ፊት እያሳለፈች ሞከረችውና «ማነው በአንዴ ያጠጣው?» አለች። አሥራ አንድ መምህራን አንድ አቅጣጫ ዞሩ። «የባዮሎጂ መምህሩ» አለ ዘለቀ፣ በመጨረሻ አፉን ከፍቶ። ሐኪሟ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። መርፌዋን ወጋችና ፍርዷን ሰጠች፤ ውሃ በጣሳ፣ እያረፈ፤ ራሱን ችሎ ካልቆመና ካልበላ አይታረድም።

ለማርቆስ ደወልኩለት። «ሊሞት ነው» አልኩት።

«በጥቂት በጥቂት አላልኩም ቲቸር?»

«ልትነፋው ነው ብዬ እኮ ነው።»

«ልነፋት ነበር፣ አልዋሽም» አለኝ። «ልገድላት ግን አልነበረም።»

ሐሙስ አመሻሹንና አርብን ሙሉ ጣሳ ያዥ ተደረግኩ። ሌክቸር ተከለከልኩ። ታደለች «አሁን» ስትለኝ እሰጣለሁ፣ «በቃ» ስትለኝ አቆማለሁ፤ ከሃያ ዓመት ማስተማር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪ ሆንኩ። ባልደረቦቼ እየተመላለሱ ስለ በሬው ጤንነት ይጠይቁ ነበር። እኔ ወባ ታምሜ ስተኛ አንዳቸውም አልመጡም።

ቅዳሜ ጠዋት በሬው የኋላ እግሮቹን አነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ። ታደለች የእንሰት ቅጠል አቀረበችለት፤ አሽትቶ ጎረሰ። ግቢው በእልልታ ተናጋ። ዘለቀ አቀፈኝ። እኔ እንኳ፣ አላፍርም፣ የበሬውን አንገት አቅፌ አለቀስኩ። ሐኪሟም መጥታ አገላብጣ አየችውና «ድኗል» ብላ ፈቀደች።

ከዚያ አረድነው።

ምን ይደረግ? ሁለት ቀን ሙሉ «እባክህ አትሙት» ብለን ስንለምነው የከረምነው ለዚሁ ነበር። ሥጋው ሲቀርብ አንዱ ጨው ጠየቀ። «ጨው አታምጡ» አለ ዘለቀ፣ የበርበሬ ዳጣውን ወደ ራሱ እየሳበ፤ «በሬው ራሱ ይዞ ነው የመጣው።» ሁሉም ሳቀ። ታደለችን በሙሉ ድምፅ የመጪው ዓመት ገዢ አድርገው መረጧት። «ባዮሎጂ እያለ?» አለች እሷ፣ ሳትስቅ።

ከበዓሉ በኋላ ለማርቆስ ደግሜ ደወልኩና «ያችን ሁለት ማርክ ሰጥቼሃለሁ» አልኩት። «ቲቸር፣ ያኔ በአንድ ማርክ ነበር የወደቅኩት» አለኝ። እሱ ግን አላዘነም፣ ወይም አዝኖ ደብቆኛል፤ «በሬዋ ጣመች?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጣመች» አልኩት።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ በትልልቁ «ውሃ ጨው ያለበትን ይከተላል» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንም ለጎረቤቱ ሹክ ማለት አላስፈለገውም። ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ፈተና ላይ እንዲህ ብለን ብንጽፍ ማርክ ይሰጠናል?»

ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። በሬውን አሰብኩ፣ ታደለችን አሰብኩ፣ ማርቆስን አሰብኩ። ከዚያ ፈተናው ከላይ ተዘጋጅቶ እንደሚመጣ አሰብኩ።

«አይሰጣችሁም» አልኳት። «ለፈተናው እንግሊዝኛውን ጻፊ። ይሄኛው ከብት ስትገዢ ነው።»